ዘመም ያለ በረዶ

ሞግዚቷ እሑድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የቀዝቃዛውን ክፍል በር ስትከፍት፣ ፕሮፌሰሩ ታንክ ቁጥር ሦስት ሥር በጎናቸው ተጋድመው አገኘቻቸው። መጀመሪያ የወደቀ ነገር የሚፈልጉ መስሏት «ጋሼ፣ ልርዳዎት?» አለች። ነጭ ጉም መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ እግሯ ሲመጣ ነገሩ ገባት፤ አንድ እርምጃ ብትገባ ሁለተኛዋ ሬሳ እሷ እንደምትሆን ታውቃለች። በሩን በርግዳ፣ ኮሪደሩ ላይ የቆመውን የናይትሮጅን ሲሊንደር ዘግታ፣ ጉሙ እስኪጠራ ቆማ ጠበቀች። ትክክል ነው፤ የተማረችውም ይህንኑ ነው። ቢሆንም እነዚያን ደቂቃዎች ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደቆጠረቻቸው እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ።

ሞግዚት የሚለው ቅጽል የወጣላት ያለ ነገር አይደለም። ያ ላቦራቶሪ ኦቫሪን፣ ማለትም እንቁላል የሚያፈራውን የሴት አካል፣ በስስ በስሱ ቆርጦ ከሰውነት ውጭ ለማሳደግ የሚለፋ ቤት ነው። የሰውነት ሙቀት በሚጠብቀው ሣጥን፣ በኢንኩቤተሩ ውስጥ፣ የበግና የላም ቁራጮች አሉ፤ እሷ በየሁለት ቀኑ፣ ዓመት በዓል እሑድ ሳትል፣ ሮዝ ፈሳሽ ምግባቸውን እየቀየረች ታሳድጋቸዋለች። ቀዝቃዛው ክፍል ታንኮች ውስጥ ያለው ግን የሰው ነው። ካንሰር የያዛቸው ልጃገረዶች እንቁላል የሚያደርቀውን ኃይለኛ ሕክምና ከመጀመራቸው በፊት ቁራጭ ይወሰድላቸውና በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀመጣል። አንድ ቀን እናት እንሆናለን የሚሉት እሱን ይዘው ነው። የደም ካንሰር የነበረባቸው ደግሞ ጭራሽ ሌላ ናቸው፤ ቁራጩ ወደ ሰውነታቸው ቢመለስ በሽታውን ይዞ ሊመለስ ስለሚችል፣ የእነሱ እንቁላል ማደግ ያለበት ሳህን ላይ ነው። የበጓ ዛሬ ከሠራ የልጆቹ ነገ ይሠራል ብለው ፕሮፌሰሩ ሃያ አምስት ዓመት ደክመዋል።

መርማሪዋ ይህን ሁሉ ማንም ሳያስረዳት ታውቃለች። ታንክ ቁጥር ሦስት ውስጥ ሰባተኛዋ ሣጥን የልጇ ናት።

አለቃዋ ደውሎ አድራሻውን ሲነግራት «ይቅርታ፣ እዚያ ቤት የግል ጉዳይ አለኝ፤ ለሌላ ሰው ስጡት» ማለት ነበረባት። ደንቡም የሚለው እንደዚያ ነው። እሷ ግን «መጣሁ» አለች። ሚጡ፣ አንድያ ልጇ፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከደም ካንሰር ከዳነች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ሁሉ መርፌና ከዚያ ሁሉ ትውከት የተረፈላቸው ነገር ቢኖር ያቺ ሣጥን ናት። እዚያ ክፍል ሰው ሞተ ሲባል መርማሪዋ ከሟቹ በፊት ሣጥኗን አሰበች። ይህንንም ለራሷ ሳትደብቅ፣ መኪና ውስጥ ሆና፣ «አፈር ብላ የኔ ሆድ» አለች።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አራት ታንክ፣ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ሰው። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ወሬውን ጨርሰውት ነበር፦ ፕሮፌሰሩ ብቻቸውን ታንክ ሲሞሉ ናይትሮጅኑ አየሩን በላባቸው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ሁለት ጊዜ ሲስቡት ሰው ይጥላል። ኦክስጅን ሲያንስ የሚጮኸው ደወል ግድግዳው ላይ በፎጣ ተጠቅልሏል። በሩን ከፍቶ የሚይዘው የእንጨት ሽብልቅ ከውጭ ግድግዳ ጥግ ተቀምጧል። አደጋ ነው፣ አለቀ፣ ደቀቀ።

እሷ ግን የሟቹን እጅ አየች። ባዶ ነው። ወፍራሙ ጓንት ማንጠልጠያው ላይ፣ የፊት መከለያውም ከጎኑ ተሰቅሏል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ባዶ እጁን የሚቀዳ ጤነኛ ሰው የለም። ቀኝ እጃቸው አጠገብ የወደቀው ወረንጦ ነው፤ የማንበቢያ መነጽራቸውም አፍንጫቸው ላይ ነበር። እንግዲህ ሰውየው ትንሽ ነገር ይመለከቱ ነበር እንጂ ታንክ አይሞሉም ነበር። የሲሊንደሩ ቱቦ በግድግዳው አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ መክፈቻው ያለው ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው። ይህን በማስታወሻዋ ጻፈችና ደብተሯን ከደነች።

ፕሮፌሰሩን ሳይጨምር የቤቱ ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ ነው፤ በሞግዚቷ፣ ናይትሮጅን በሚሞሉት ሽማግሌና በምክትሉ። መርማሪዋ በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትቆይ «እኔ አይደለሁም» የሚል ሰው ለምዳለች። በዚያን ዕለት የገጠማት ግን ሌላ ጉድ ነው፦ ሦስቱም ተራ በተራ «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አሏት።

ሞግዚቷ ፎጣውን አምጥታ የጠቀለለችው እሷ መሆኗን ተናገረች። ደወሉ ታንክ በተከፈተ ቁጥር ይጮሃል፣ እጇ ደንግጦ አንድ ቀን ሳህን ደፍታለች፤ ከዚያ ወዲህ አፈነችው፣ ሁሉም አየ፣ ሁሉም ዝም አለ። መርማሪዋ እንድታለቅስ ትንሽ ተወቻትና እሑድ ከገባችበት ደቂቃ ጀምሮ ያደረገችውን አንድ በአንድ ጠየቀቻት።

«ኮቴን ሰቀልኩ፣ እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ምግባቸውን ላሞቅ ስል ጠርሙሱ ሙቅ ውሃው መዘፍዘፊያ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሞቆ አገኘሁት። ጋሼ አስበውልኝ ነው ብዬ… ላመሰግናቸው ነው እኮ በሩን የከፈትኩት።»

«ጠርሙሱ ሙሉውን ነው የተዘፈዘፈው?»

ሞግዚቷ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። አዎ፣ ሙሉውን። ነገሩ አሁን ነው የገረማት። ፕሮፌሰሩ ሙሉ ጠርሙስ ሲሞቅ ማየት አይወዱም፤ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ይበላሻል ብለው ስንት ጊዜ ተቆጥተዋል። እሷም የሚያስፈልጋትን ብቻ በትንሽ ቱቦ ቀድታ ነው የምታሞቀው፤ በተጠቀመች ቁጥር ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ታሰምራለች። ጠርሙሱን አምጥተው አዩት። ፈሳሹ ከመጨረሻው መስመር ሁለት ጣት ያህል ወርዷል። ሞግዚቷ እሑድ ከሱ አንድ ጠብታ እንኳ አልቀዳችም፤ ማን ነው ያን ሬሳ አይቶ በግ የሚያበላ።

ናይትሮጅን የሚሞሉትን ሽማግሌ ሰፈሩ ሁሉ አባ ጉም ይላቸዋል፤ በሄዱበት ነጭ ጭስ ይከተላቸዋል። እሳቸውም ሽብልቁን ዓርብ ዕለት ሲጠርጉ አውጥተው መመለስ እንደረሱ ተናዘዙ። ይህ ብቻ ግን አልነበረም የሚበላቸው።

«ልጄ፣ ሲሊንደሩ ያፈስ ነበር መሰለኝ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በዚያ የአራት ቀን ዕረፍት፣ በእግሬ ምክንያት ሆስፒታል ተኛሁ። ስመለስ ግማሹ የለም። ታንኮቹን ማሟያ ብቻ ቢሆን ሩቡም አይጎድል። መክፈቻው ላልቶ ነው ብዬ ሳላስጠግን ዝም አልኩ። ያ ያፈሰሰው ነው ሰውየውን የበላው።»

መርማሪዋ ባለሙያ አስጠርታ መክፈቻውን አስፈተሸች። አንዲት ትንፋሽ አያሳልፍም። ለሽማግሌው እፎይ እንዲሉ ልትነግራቸው አስባ ነበር፤ ከዚያ የጎደለው ናይትሮጅን የት እንደገባ ስታስብ ወሬው አፏ ላይ ቀረ።

ምክትሉ፣ ፕሮፌሰሩ ከተማሪነቱ አንሥተው ለዶክተርነት ያበቁት፣ ጥሩ የለበሰ፣ ዓይኑ የቀላ የአርባ አራት ዓመት ሰው ነው። ፕሮፌሰሩ እሑድ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ እንደደወሉለት አልካደም፤ የሰኞውን ስብሰባ ሊያስታውሱት ነበር አለ። ከቤት አልወጣም፣ ባለቤቱም ልጆቹም ገበያ ነበሩ።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ እሱም። «በዚህ ዕድሜያቸው ብቻቸውን እንዳይገቡ መከልከል ነበረብኝ።»

ከዚያ ፊቷን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የሣጥን ሰባት እናት መሆንዋን እንዳወቃት፣ ለማንም እንዳልተናገረ፣ እንደማይናገርም ነገራት። «ልጅዎ ያለችበት ታንክ ደህና ነው፤ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። ፖሊስ እየከፈተ ባይነካካው ለሁሉም ይሻላል።» መርማሪዋ አመሰገነችው። ከልቧ ነበር ያመሰገነችው፤ የሚያሳፍራትም ይኸው ነው።

ሰኞ ጠዋት ፕሮፌሰሩ በመነጽርና በወረንጦ የሚያዩት ምን ሊሆን እንደሚችል ሞግዚቷን ጠየቀቻት። ሞግዚቷ ሳታመነታ «ብልቃጦቹን ነዋ» አለች። ፕሮፌሰሩ አዲስ ልጅ በመጣች ቁጥር፣ ከቁራጯ ጋር አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ሮዝ ፈሳሽ ጨምረው፣ ያገኙት ነገር ላይ አጋድመው ያቀዘቅዙና ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ ቀጥ አድርገው ያቆሟታል። በረዶው ዘመም እንዳለ ይኖራል። ታንኩ አንድ ቀን ደርቆ ቢሞቅ ግን በረዶው ይቀልጥና፣ እንደገና ሲቀዘቅዝ ልክ እንደ ብርጭቆ ውሃ ሜዳ ይሆናል። ናይትሮጅን እንደገና ቢሞላበት መጠኑን የሚያሳየው ጌጅ ይዋሻል፤ ያቺ ብልቃጥ አትዋሽም። ይህን ብልሃት የሚያውቁት ፕሮፌሰሩ፣ ምክትሉና እሷ ብቻ ናቸው። ስታወራ የሟቹ ብልሃት ኩራት ሰጥቷት ፊቷ ትንሽ በራ።

ታንክ አንድን ከፈቱ። አንዷ ብልቃጥ ብዙ ዘምማለች፣ አንዷ ጥቂት፣ ሌላዋ ልትተኛ ምንም አልቀራት። ታንክ ሦስትን ከፈቱ። ሞግዚቷ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ በወረንጦ አንሥታ አሳየቻት። ሁሉም ዘመም ያሉ ናቸው። «ተመስገን! ሁሉም ደህና ናቸው» አለች ሞግዚቷ። ጓንቷን አውልቃ የመርማሪዋን ክንድ ጨበጠቻት።

መርማሪዋ ግን ሰባተኛዋን፣ ከዚያ ስምንተኛዋን፣ ከዚያ እንደገና አንደኛዋን እንድታነሣላት ለመነቻት። ሦስት ጊዜ አየች። ከዚያ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋች። ምሳ ሰዓት ነበር፤ ሰው እየሳቀ በአጠገቧ ያልፋል። መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ የሞት ምክንያት በሚለው መስመር ላይ «አደጋ» ብላ ጻፈች። ማን ይጠይቃታል? ሽማግሌ ሰው፣ የታፈነ ደወል፣ የተረሳ ሽብልቅ። ሚጡ በመጪው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ወንድ ወድዳ፣ አግብታ፣ አንድ ቀን «እማዬ፣ አሁን እንሞክረው» እስክትል ድረስ በደስታ ትኖራለች። ግማሽ ሰዓት እንደዚያ ተቀመጠች። በመጨረሻ ወረቀቱን ቀድዳ ጣለች፤ ጀግና ስለሆነች አይደለም፣ ሞግዚቷ «ላመሰግናቸው ነው እኮ» ያለችው ነገር ከጆሮዋ አልወጣ ስላላት ነው። ለማንም ከመናገሯ በፊት ግን አንድ የቀራት ሥራ ነበር፤ የላቦራቶሪው ቆሻሻ እሑድ ስለማይወሰድ፣ ወደ ማቃጠያው ሳይሄድ አስያዘችው።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስቱን ኢንኩቤተሩ ያለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ጋ ቆመ። አባ ጉም ወንበር ሲሰጧቸው እምቢ ብለው ግድግዳ ተደገፉ።

«ሦስታችሁም ገደልኩ ብላችሁኛል» አለች መርማሪዋ። «ሁለታችሁ እጃችሁ የሠራውን ነገራችሁኝ፦ ፎጣውን፣ ሽብልቁን። ዶክተር ግን የነገሩኝ ያላደረጉትን ነው፤ መከልከል ነበረብኝ አሉኝ። ያላደረጉት ነገር ጸጸት ጥሩ መሸሸጊያ ነው። መጀመሪያ ልቤን የነካው እሱ ነው።»

ምክትሉ እግሩን አነባብሮ ያዳምጣል።

ፕሮፌሰሩ ጓንት እንዳላደረጉ፣ ስለዚህ ናይትሮጅኑን የከፈተው ኮሪደሩ ላይ የቆመ ሰው መሆኑን አስረዳች። ቀጥላ ወደ አባ ጉም ዞረች። «አባቴ፣ ሲሊንደርዎ አያፈስም፤ አስፈትሼዋለሁ። እርስዎ ሰው አልገደሉም። ይልቅ ይንገሩኝ፣ እንደዚያ አድርጎ ናይትሮጅን የሚጠጣ ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ሊሉት አልፈለጉም። «ደረቅ ታንክ» አሉ በመጨረሻ።

ሞግዚቷ «የለም፣ የለም፣ ብልቃጦቹን አይተናል!» አለች።

«አይተናል። በታንክ አንድ ያሉት አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፤ ፕሮፌሰሩ በየጊዜው፣ አንዴ መጽሐፍ ላይ፣ አንዴ ብርጭቆ ላይ እያጋደሙ ነው የሠሯቸው። በታንክ ሦስት ያሉት አሥራ ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ነው አዘማመማቸው፤ ባንድ መደርደሪያ ላይ አብረው ተጋድመው የቀዘቀዙ ናቸው። አሥራ ሁለት ልጆች ባንድ ቀን አልታመሙም።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ዋናዎቹ ብልቃጦች ሜዳ ሆነው ነበር። ፕሮፌሰሩ እሑድ ጠዋት ያዩት ያንን ነው፤ የደወሉትም ለዚያ ነው። በዕረፍቱ አራት ቀን አባ ጉምን ተክቶ ታንኮቹን እንዲያይ የተመደበው ማን እንደነበር የተራ ሰሌዳው ላይ አለ።»

«እኔ ነበርኩ» አለ ምክትሉ፤ ድምፁ አልተለወጠም። «ይህ እሑድ እዚህ ነበርክ አያሰኝም።»

«ጠርሙሱ ያሰኛል። ገዳዩ አዲስ ብልቃጥ ለመሙላት ከፍሪጅ ጠርሙስ አወጣ፤ ሁለት ጣት የጎደለው ያ ነው። ሲጨርስ ወደ ፍሪጅ መመለስ ሲገባው ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀመጠው። ለምን? ሃያ ዓመት ሙሉ ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ እጁ የሚወስደው ወደዚያ ስለሆነ ነው። አባ ጉም ጠርሙስ ነክተው አያውቁም። ሞግዚቷ በቱቦ ነው የምታሞቀው። ፕሮፌሰሩ ሙሉ ጠርሙስ አይዘፈዝፉም። ሙሉ ጠርሙስ እያሞቀ ሲቆጡት የኖሩት አንድ ሰው ነው። አሮጌዎቹንም ብልቃጦች ከቆሻሻው ከረጢት አግኝተናል፤ አሻራዎ ሁሉም ላይ አለ።»

ምክትሉ ሙቅ ውሃውን መዘፍዘፊያ ዞር ብሎ አየው፤ ያደረገው ትዝ ያለው ገና ያኔ ነበር መሰል።

«ልጆቼን ባሕር ላሳያቸው ብዬ ነው» አለ። «አራት ቀን። ጌጁን አምኜ። ስመለስ ታንኩ ደረቅ ነበር፤ ሞላሁትና ዝም አልኩ። ጋሼ ደርሰውበት ጠሩኝ። ተንበረከክሁላቸው። ነገ ለአሥራ ሁለቱም ቤት እደውላለሁ አሉና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሣጥኖቹን መቁጠር ቀጠሉ። አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ…» አልጨረሰውም። መክፈቻውን ያዞረው፣ ሽብልቅ የሌለውን በር ገፋ አድርጎ የዘጋው፣ ከዚያ ጉሙ እስኪጠራ በር ላይ ጠብቆ በሬሳቸው ላይ እየተራመደ ብልቃጥ የቀየረው እሱ ነው። እንደገና መክፈቻውን ከፍቶ፣ በሩን መልሶ ዘግቶ፣ አደጋ አስመስሎት ወጣ።

ፖሊሱ ሲይዘው ወደ መርማሪዋ ዞረ። «እርስዎ ዝም ቢሉ ኖሮ ልጅዎ ተስፋ ነበራት።»

«ተስፋዋ ከሞተ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ ዶክተር» አለችው።

ከዚያ ቀጥላ ያደረገችው ለአለቃዋ የልጇን ነገር መናገር ነበር። አለቃዋ ጮኸባት፣ ደብዳቤ እንደሚጻፍባት ነገራት፣ ልክ ነው፤ አልተከራከረችም። ፕሮፌሰሩ ሳይደውሉ የቀሩትን ስልክ ደግሞ እሷና ሞግዚቷ ተከፋፍለው ደወሉ። አሥራ አንድ ቤት። አንዱ አባት ሰማትና «እግዜር ይስጥልኝ ስለነገርሽኝ» ብሎ ዘጋው፤ ከተሳደቡት ሁሉ የከበዳት እሱ ነው። አባ ጉም ዳር ቆመው ውሃ ያቀብሏቸው ነበር።

አሥራ ሁለተኛው ቤት ስልክ አይደወልም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቷ ስትደርስ ሚጡ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታጠናለች። መርማሪዋ ጫፉ ላይ ተቀመጠችና ሳታሳጥር፣ ሳታስጌጥ ነገረቻት። ሚጡ መጽሐፏን ሳትከድን ሰማች። አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ማንም ባይሞት፣ ታንኩ መድረቁን አንቺ ብቻ ብታውቂ፣ ትነግሪኝ ነበር?»

መርማሪዋ ሁለት ቀን ሙሉ ከሰው አፍ እውነት ስታስተፋ ቆይታለች። የምትዋሽበት ፊት አልቀራትም።

«አልነግርሽም ነበር» አለች።

ሚጡ ራሷን ነቀነቀች። «እሺ። አሁን ውጪልኝ፣ እማዬ። ትንሽ ልናደድብሽ። ስጨርስ እጠራሻለሁ።»

መርማሪዋ ሳሎን ወጥታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ልጇ እስክትጠራት ቁጭ ብላ ጠበቀች።